ልጃችን ታላላቆቹ ኮሌጆች የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ነው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁ 11ኛ ክፍል ደርሶ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁት ጥያቄ “ሃርቫርድ ይገባ ይሆን?” የሚል ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። ዕድሉን ሳትመዝኑ ለዘመድና ለጉባኤ “እዚያ ነው የሚገባው” ብላችሁ ካወራችሁ ግን፣ መልሱ “አልተቀበልንም” ሆኖ ሲመጣ ኀፍረቱን የሚሸከመው ልጁ ነው። ስለዚህ እስቲ አመዛዘኑን አብረን እንመልከት።

ኮሌጁ የሚያሳውቀው የቅበላ መቶኛ የልጃችሁ ዕድል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሃርቫርድ ካመለከቱት 54,000 ያህል ተማሪዎች የተቀበለው ከ2,000 ያነሱትን ነው፤ ከ100 4 እንኳ አይሞሉም። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ደግሞ በአሠልጣኝ የተመለመሉ ስፖርተኞች፣ የመምህራን ልጆች፣ የለጋሾች ልጆችና ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በተቋጨው ክስ የወጣው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በስድስት ዓመታት ውስጥ ካመለከቱት የተመራቂ ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ተቀባይነት ሲያገኙ ከሌሎቹ ያገኙት 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከሐዋሳ መጥቶ ታክሲ እየነዳ ያሳደገ አባት የልጁን ዕድል ሲገምት፣ ከታወጀው መቶኛ ዝቅ አድርጎ ቢጀምር ይሻላል። ያው ፍርድ ኮሌጆች ዘርን በቅበላ መመዘኛነት እንዳይጠቀሙ ስለከለከለ “ጥቁር መሆኑ ይረዳዋል” የሚለው የቆየ ስሌትም ዛሬ አይሠራም። ያሳለፈውን ሕይወት በድርሰቱ መጻፍ ግን አልተከለከለም።

ውጤቱንስ በምን እንለካ? አብዛኞቹ ኮሌጆች “ኮመን ዳታ ሴት” የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ስም ጋር ጽፋችሁ ፈልጉና “ሲ” የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ሲ7 ኮሌጁ ለየትኛው ነገር ትልቅ ክብደት እንደሚሰጥ፣ ሲ9 የገቡት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ከየት እስከ የት እንደሆነ ይነግራችኋል። በሃርቫርድ የመካከለኛዎቹ ግማሽ ተማሪዎች ኤስኤቲ ከ1500 እስከ 1580 አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። ልጁ 1510 ካመጣ “መሃል ላይ ነው” ይላል። ነገር ግን በታችኛው ጠርዝ የገቡት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚያነሣቸው ነገር ያላቸው ናቸው። 1560 እንኳ ቢሆን ፋይሉ በውጤት ምክንያት እንዳይወድቅ ያደርጋል እንጂ በር አይከፍትም። (ፈተና ቀርቷል የሚለውን ወሬ አትመኑ፤ ኤም አይ ቲ በ2022፣ ሃርቫርድ፣ ዳርትማውዝና ብራውን በ2024 ፈተናውን መልሰዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ለቅበላ ጭራሽ አይመለከተውም።)

አንዳንዶች “20 ኮሌጅ ካመለከተ አንዱ አይጠፋም” ይላሉ። እያንዳንዱ 5 በመቶ ዕድል ያለው የሎተሪ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ የመድረሱ ዕድል 64 በመቶ ያህል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዕጣ አይደለም። አንዱ ትራንስክሪፕት፣ አንዱ የመምህር ደብዳቤ ነው ለሁሉም የሚላከው። አንደኛው ኮሌጅ ያየውን ጉድለት ሌላውም ያየዋል።

ብዙ ወላጆች ለእኛ ለመጋቢዎች የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ ይሉናል። ኮሌጆቹ በዋናነት የሚፈልጉት የካውንስለሩንና የመምህራኑን ነው፤ የመጋቢ ደብዳቤ የሚጠቅመው ሌሎቹ የማያውቁትን ሥራ ካየ ብቻ ነው። ይልቅ ልጁ ራሱ የሚሞላውን የእንቅስቃሴ ዝርዝር ተመልከቱ። 10 ቦታ አለው፤ የእኛ ልጆች ግን “እኔ ክለብ የለኝም” ብለው ባዶ ይተዉታል። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ለእናቱ በሐኪም ቤት የሚያስተረጉም፣ ቅዳሜ ሱቅ የሚሠራ፣ ሕፃናትን የሚያስተምር ልጅ ይህንን ከነሰዓቱ ይጻፈው። ማመልከቻው የቤተሰብ ኃላፊነትን በስሙ ጠርቶ ይቀበላል።

“ዕድሉ 40 በመቶ ነው” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አማካሪ ግን ተጠንቀቁት። ያንን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ከ20 በመቶ በታች የሚቀበሉትን ሁሉ፣ ልጁ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ሩቅ አድርጋችሁ ቁጠሩ። ከዚያም ልጁ በደስታ የሚገባበት፣ እናንተም የምትከፍሉት አስተማማኝ ኮሌጅ ቢያንስ ሁለት ጨምሩ። ቴክሳስ ለምትኖሩ፣ በ2026 መጸው ለሚጀምሩ ተማሪዎች በአውስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከክፍላቸው ከ100 5 ውስጥ የሆኑትን በሕግ ይቀበላል፤ የሚፈልጉትን የትምህርት ዘርፍ ግን አያረጋግጥም።

አገር ቤት ሆኖ የሚያመለክት የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ካላችሁ ሚዛኑ ይለያል። ብዙዎቹ ኮሌጆች የውጭ አገር ተማሪ የመክፈል አቅምን በቅበላው ያስገባሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም አይ ቲ ግን አያስገቡም፤ ፉክክሩ በዚያው ልክ ይከብዳል።

ክፍያውን በሚመለከት፣ ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው የወጪ ማስያ እንዲያስቀምጡ ግዴታ ነው። ገቢያችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት። ሃርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆኑና ብዙ ሀብት የሌላቸው ምንም እንዳይከፍሉ ወስኗል፤ ስለዚህ ስመ ጥሩው ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የሚረክስበት ጊዜ አለ። ይህን ስሌት “ኧርሊ ዲሲዥን” በሚባለው መንገድ ከማመልከት በፊት ሥሩት፤ በዚያ መንገድ ከገባ ሌሎቹን ማመልከቻዎች መተው ይኖርበታል፣ የገንዘብ ድጋፎችን አወዳድሮ መምረጥም አይችልም።