መብራት ሲጠፋስ? (የእናቴ የቤት ስልክና የ130 ዓመት ታሪኩ)

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ወር ጉለሌ እናቴ ቤት ሁለት ወጣት ሠራተኞች መጡ። በሰፈሩ የድሮው የመዳብ መስመር በፋይበር እየተቀየረ ነው። ስልኩም ከእንግዲህ በኢንተርኔት ነው የሚሠራው። ቁጥሩ አይቀየርም፣ ድምፁ ይጠራል፣ ዋይፋይም ይኖራችኋል ብለው በትህትና አስረዱን። እማዬ ሁሉንም በጽሞና ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«መብራት ሲጠፋስ?»

ልጆቹ ተያዩ። «ያው ሞደሙ በመብራት ስለሆነ የሚሠራው አብሮ ይጠፋል፣ እማማ» አለ አንደኛው።

«እንግዲያው ስልክ አይደለም የምታስገቡልኝ፤ አምፖል ነው» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። ልጆቹም «አስባችሁበት ደውሉልን» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሳቁ ጠፋብኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሰፈሩ መብራት የለውም፣ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የእማዬ ሞባይል ባትሪው አልቆ ተዘግቷል። ሌሊት ስትነሳ አዞራትና ወደቀች። የደም ግፊት አለባት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በጨለማ እየዳበሰች ሳሎን ደርሳ፣ በጣቷ ቁልፎቹን እየቆጠረች፣ በቤት ስልኩ ደወለችልኝ። እኔ ለጎረቤት ደወልኩ፣ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ገባ፣ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ዛሬ እየቀለደች ያለችው በዚያች ስልክ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ «እንቀይር ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ ለኛ ቤት የዋይፋይ ጉዳይ አይደለም። ታሪክ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ሲቸግረኝ ወደ ኋላ ሄጄ ነው የማየው። ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ የእማዬ ጥያቄ የስልክን ታሪክ በሙሉ የሚከፍት ቁልፍ ሆኖ አገኘሁት። ስልኩ የሚሠራበት ኃይል ከየት ነው የሚመጣው? የማንስ ኃላፊነት ነው?

ከመጀመሪያው እንነሳ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክ ፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። አገራችን ብዙም አልዘገየችም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. የሚጀምረው የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ አሁን 130 ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነበር። እስቲ አስቡት፤ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው የሐረርና የሸዋ ወሬ በአንድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ! ድምፅ ያለ ሰው ሲናገር የሰሙ አንዳንድ ካህናት «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ተቃወሙ እየተባለ ዛሬም ይነገራል። ንጉሡ ግን አልተዉትም፤ ሰፊ አገር የሚገዛ ሰው ፈጣን ጆሮ ያስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን የነበሩ ስልኮች ታዲያ ኃይላቸው እዚያው እንደ ነበሩበት ነው። ድምፁን የሚያስኬደው ባትሪ በየስልኩ ውስጥ ወይም አጠገቡ ይቀመጣል። ወዲያ ማዶ ያለውን ደወል ለማስጮህ ደግሞ ከጎን ያለችውን እጀታ በእጅ ማዞር ነው። ባትሪው ሲደክም ድምፅህም ይደክማል። ባለ ስልኩ የራሱ መብራት ኃይል ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ለውጥ መጣ። «በየቤቱ ባትሪ ከምናስቀምጥ፣ አንድ ትልቅ ባትሪ ማዞሪያ ጣቢያው ውስጥ እናስቀምጥና ኃይሉን በዚያው ድምፅ በሚሄድበት ሽቦ እንላከው» ተባለ። ቀስ በቀስ የዓለም ስልክ ሁሉ በዚህ መንገድ ሄደ። ከጣቢያው በሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ወደ 48 ቮልት ይመጣል። ጣቢያው ውስጥ በረድፍ የተደረደሩ ትልልቅ ባትሪዎች አሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ ጄኔሬተር አለ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከባል፣ ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተሩ ይነሳል። ቤት ያለው ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም። እጀታውን ሲያነሳ «ዱ....» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አለቀ።

እማዬን ያዳናት ይኸው ነው። በዚያች ሌሊት ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ሳለ የሷ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከሩቅ፣ ካልጨለመ ቦታ ነበር። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ የሚሠራው ለተራው ባለ ገመድ ስልክ ነው። ያ ሶኬት ላይ የሚሰካው ገመድ አልባ የቤት ስልክ ድሮም መብራት ሲጠፋ ይጠፋ ነበር።)

ወደ አገራችን ልመለስ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተጎዳውን የስልክ መስመር መልሶ ለመሥራት መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። ትልልቆቻችን «ቴሌ» ሲሉ በልባቸው ያለው ከዚያ የጀመረው መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ በየመንግሥቱ ተቀያይሯል፤ ሽቦውና የጣቢያው ባትሪ ግን ሥራቸውን ቀጥለዋል።

እኛ ቤት ስልክ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ተመዝግቦ ዓመታት ጠብቆ ነው ያገኘው። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ የተሻለ ቦታ ተሰጠው፤ ዳንቴል ለበሰ። ቁጥሩ በጣት የሚዞር ስለነበር አባቴ ማዞሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ አስገባበት። መቀበል ይቻላል፣ መደወል ግን በፈቃድ ነው። የሰፈሩ ግማሽ ሰው የኛን ቁጥር ነበር ለዘመዶቹ የሚሰጠው። «ሮጠህ እትዬን ጥራ፣ ከቤሩት ተደውሏል፣ መስመር ላይ ናቸው!» እየተባልኩ ስንቴ እንደሮጥኩ! ቁጥሩ ያኔ ስድስት አሃዝ ነበር። መስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ቁጥሮች በሙሉ ሲቀየሩ ሰባት ሆነና 011 ፊቱ ተጨመረበት። አባቴ አዲሱን ቁጥር በእጁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ዛሬም አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ነገር፣ በኢንተርኔት መደወል ወደሚለው።

ቴክኒኩ ረቂቅ ይመስላል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ድምፃችሁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፣ ልኬቱ ቁጥር ይሆናል፣ ቁጥሮቹ በትናንሽ ጥቅል ታስረው ይላካሉ፣ ወዲያ ማዶ ተፈትተው እንደገና ድምፅ ይሆናሉ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተጀምሮ ነበር። በ1995 ለተራው ሰው የሚሸጥ የኢንተርኔት ስልክ ፕሮግራም ወጣ፣ በ2003 ስካይፕ መጣ። ስካይፕ ራሱ ግንቦት 2025 ተዘግቶ ታሪክ ሆኗል።

በኛ አገር የዚህ ነገር ታሪክ አስገራሚ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ መላላክን በግልጽ ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት እስራት አስቀመጠ። ያኔ ኢንተርኔት ካፌ የነበራችሁ ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ፤ ስካይፕ ሲከፈት ዓይን በር በር ነበር የሚያየው። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም፤ ከውጭ የሚደወል ስልክ የውጭ ምንዛሪ ነው። ትናንት ያሳስር የነበረው ቴክኖሎጂ ዛሬ በሠራተኛ እጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ «ላስገባልዎ?» ይላል። ተማሪዎቼ፣ ታሪክ ሳቅ የሚያውቅ መሆኑን ነግሬያችሁ የለ?

ግን በኢንተርኔት መደወል ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንለይ።

አንደኛው ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ ነው። ዲሲ ያለችው እህቴ እማዬን በየሳምንቱ የምታያት በዚህ ነው። ዋጋ የለውም። ነገር ግን ከዋትስአፕ ወደ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ መደወል አይቻልም፤ ፖሊስ 991ም፣ እሳት አደጋ 939ም እንደዚያው። ኢንተርኔቱ ሲቆምም አብሮ ይቆማል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ እህቴ የእማዬን ድምፅ የሰማችው በዚያችው በድሮዋ የቤት ስልክ ነው።

ሁለተኛው አሁን የቀረበልን ነው። ቁጥሩ ያው ነው፣ ስልኩ ከሞደሙ ጀርባ ይሰካል፣ ወደ ማንኛውም ቁጥር ይደውላል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ፋይበር የመስታወት ክር ነው። ብርሃን ያስተላልፋል፣ ለስልክ የሚሆን ኤሌክትሪክ ግን ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ኃይሉን የምታመጣው አንተ ነህ። ባትሪ በየቤቱ ወደነበረበት ወደ ምኒልክ ዘመን ተመለስን ማለት ነው!

ይህ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ደንብ፣ የኢንተርኔት የቤት ስልክ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ለ8 ሰዓት የሚሆን መጠባበቂያ ባትሪ ለሚፈልግ ደንበኛ እንዲያቀርቡ አስገደደች፤ በኋላ የ24 ሰዓት አማራጭም ተጨመረ። እንግሊዝ የድሮውን መስመር በ2025 መጨረሻ ልትዘጋ አስባ ወደ ጥር 2027 ያራዘመችው በዋናነት ብቻቸውን በሚኖሩ አረጋውያን ምክንያት ነው፤ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጥሪ መሣሪያ በዚያው መስመር የሚሠራ ነበር። የእማዬ ጥያቄ የለንደንም ጥያቄ ነው።

ታዲያ ምን ወሰንን?

«ይቅር፣ በመዳቡ እንቀጥል» ማለት አማረኝ። ግን እውነቱን እንነጋገር። የሰፈሩ መዳብ አርጅቷል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይንጫጫል፣ ይሰረቃል። ሁሉም ወደ ፋይበር ከሄደ ለአንዲት አሮጊት ብሎ ያንን ገመድ የሚጠግን አይኖርም። የሚሞትን ነገር ታቅፎ መቀመጥ ጥንቃቄ አይደለም።

ስለዚህ ተቀበልን፤ ግን የጣቢያውን ባትሪ ሥራ እኛ ተረክበን። መርካቶ ሄጄ ለሞደም የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ ገዛሁ። ሻጩ «10,000 ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይይዛል» አለኝ። እንዳትታለሉ፤ ሒሳቡ ይኸውና። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ነው። ሞደሙ 10 ዋት ገደማ ይበላል። የሚባክነውን ስትቀንሱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ቤት ወስጄ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ በሰዓት ለካሁት፤ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ሁለተኛ ጨመርኩ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን መሰካት ለእማዬ አስተማርኳት። በዚያ ላይ ባትሪዋ ሳምንት የምትይዝ ተራ ባለ ቁልፍ ቀፎ ገዝቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቻርጅ ታደርጋታለች። ለጎረቤትም የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ሰጠን። ለነገሩ ያን ሌሊት በሩን የከፈተው ሰው እንጂ ስልክ አይደለም።

ይበቃል ወይ? እውነቱን ለመናገር የድሮውን ያህል አይሆንም። ሁለት ቀን መብራት ከጠፋ ሞደሙ ይሞታል፣ ተስፋችን ቀፎዋ ናት። ድሮ ማንም ሳያስበው ሌላ ሰው ይሸከምልን የነበረውን አሁን እኛ አስበን መሸከም አለብን። ሊያሳስበን የሚገባውም ይኸው ይመስለኛል፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚጨምርልን ብዙ ይነገረናል፣ ምን ሸክም ከነሱ ወደኛ እንደተዛወረ ግን ካልጠየቅን የሚነግረን የለም። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። እኔ ድምፁ ይጠራል ወይ፣ ፍጥነቱ ስንት ነው እያልኩ ሳለ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።

ሠራተኞቹ ተመልሰው መጥተው ሥራውን ጨረሱ። እማዬ ዩፒኤሷን ዳንቴል አለበሰቻት (እንዳትሞቅ ብዬ አነሳሁት፣ ተቆጣችኝ)። የአባቴ ባለ ማዞሪያ ስልክ ከነቁልፉ መደርደሪያው ላይ ነው። ከአዲሱ ሞደም ጋር አልተግባባም፤ ማረፉም አይከፋም፣ ብዙ ሠርቷል።

እናንተስ? ወላጆቻችሁ ቤት መደበኛ ስልክ አለ? ወደ ፋይበር የተቀየረባችሁ ካላችሁ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እማዬም አነብላታለሁ። ውጭ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ ዛሬ ቤት ስትደውሉ «እማዬ፣ መብራት ሲጠፋ በምን ነው የምትደውዪው?» በሏት። መልስ ከሌላት ከሚቀጥለው ጫማ በፊት ባትሪ ላኩላት።

ቸር ያሰማን።