ቶርኪና የመርዝ ብልቃጦች

ቶርኪ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ የባሕር ጠረፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሳንባቸው የታመመና ኪሳቸው የሞላ ሰዎች ክረምቱን ለማሳለፍ ይመጡባት ነበር። ግድያ የሚታሰብባት ቦታ አትመስልም። ዳሩ ግን አጋታ ክርስቲ በ1890 ዓ.ም. የተወለደችው፣ ሰው መግደልንም በወረቀት ላይ የተማረችው እዚሁ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ብዙዎች የደራሲዋን ምናብ ያነቃቃው የባሕሩ ውበት ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ውበቱ በልጅነቷ ሁሉ ከፊቷ ነበር፤ ልቦለዱ የመጣው ግን ጦርነት የከተማዋን ጸጥታ ካናጋ በኋላ ነው። በ1914 የቶርኪ ማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል ሆነ። አጋታ በፈቃደኝነት ቁስለኞችን አስታመመች፤ ቆይታም ወደ መድኃኒት ክፍሉ ተዛወረች። በዚያ መድኃኒቱና መርዙ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ይውላሉ፤ ልዩነቱ የመጠን ጉዳይ ብቻ ነው። ሙያውን ካስተማሯት አንዱ ኩራሬ የተባለውን ብርቱ መርዝ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ኃይል እንዲሰማው ያደርገዋልና። ያ ሰው ከአእምሮዋ አልጠፋም። አርባ ዓመት አልፎ፣ በ1961 በታተመው «ዘ ፔል ሆርስ» ውስጥ ጥላው ይታያል።

በዚያው ጊዜ ከቤልጅግ የተሰደዱ ሰዎች ወደ ቶርኪ መጡ። መርማሪ ስትፈልግ የነበረችው አጋታ ዓይኗ በእነርሱ ላይ ዐረፈ፤ ኸርኩል ፕዋሮም ከእነርሱ ተወለደ። እንግዲህ ያ በጢሙ የምንስቅበት ሰው ሀገሩ የተወረረበት ስደተኛ ነው። እንግሊዞቹ እንደ ባዕድ ንቀው በፊቱ እንዳሻቸው ያወራሉ፤ እርሱም ይሰማል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ብዙ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ በ1920 ታተመ። የመድኃኒት ቀማሚዎች መጽሔት ስለ መርዙ ትክክለኛ አገላለጽ አመሰገናት፤ ይህ ምስጋና ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቷታል።

ከቶርኪ ራቅ ብላ በርግ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግር ይደረስባታል፤ ሲሞላ ትቆረጣለች። በ1939ኙና በ1941ዱ ልቦለዶቿ ያሉትን ደሴቶች ከዚህች ነው የቀዳችው።

አሽፊልድ የተባለው የልጅነት ቤቷ ነገር ግን ሌላ ነው። አባቷ በ1901፣ እርሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ሞተ፤ ቤቱ በችግርም ቢሆን አልተሸጠም። በ1926 እናቷ ስትሞት በጋውን የሟቿን ዕቃ ስትለይ ከረመች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ለአሥራ አንድ ቀን የት እንደገባች ጠፍታ አገር ተሸበረ። በ1938 በዳርት ወንዝ ዳር ያለውን ግሪንዌይን በ6,000 ፓውንድ ገዛች፤ አሽፊልድም ከእጇ ወጣ።

በ1960ዎቹ ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን ሰማችና ልታስጥለው ሞከረች፤ ጊዜው አልፎ ነበር። በመንገዱ ደግማ ለማለፍ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀባት። በሄደች ጊዜ በቦታው የበቀሉትን አዳዲስ ቤቶች አየች። ያን ሁሉ ምስጢር የፈታች ሴት በዚያ ያገኘችው ምልክት አንድ ብቻ ነበር፦ አራውካሪያ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ ቅሪት።