ስለ ናደው ዕዝ መጥፋት

በቢሾፍቱ ከሐይቁ ዳር ለተቀመጠ ሰው የጦር አይሮፕላን ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአየር ኃይሉ ዋና ሠፈር በዚሁ ከተማ ነውና። ያን ድምፅ በሰማን ቍጥር አፍአበት ትዝ ይለናል። በዚያ ስፍራ አይሮፕላን ለተከበበው ወገን ጦር መድኅን መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻ ጥፋቱ ሆኗል።

ዛሬ ራሷን በቻለችው በኤርትራ፣ በናቅፋ ግንባር ተሰልፎ የነበረው ጦር ናደው ዕዝ ይባል ነበር። ስሙ የወጣለት የሕዝባዊ ግንባርን ምሽግ እንዲንድ ነው፤ የተናደው ግን እርሱ ራሱ ሆነ። ብዙዎች ታሪኩን የሚጀምሩት መጋቢት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. በሦስት አቅጣጫ ከተጠቃበት ዕለት ነው። እኛ መነሻውን አንድ ወር ወደ ኋላ እንስበዋለን። በየካቲት ወር ፕሬዝዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ አሥመራ በሄዱ ጊዜ የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ፣ ቀደም ብሎ በግንባሩ ለደረሰው ሽንፈት ተጠያቂ ተደርገው በጥይት ተገደሉ። ጦሩ ግንባሩን የሚያውቅ መሪ አጣ። የቀሩትም መኰንኖች አደጋን ለበላይ መንገር ራሱ አደጋ መሆኑን ቢረዱ አይፈረድባቸውም።

በውጊያው ጊዜ 29ኛው ሜካናይዝድ ብርጌድ ወደ አፍአበት ሲያፈገፍግ በአዲ ሻሩም ጠባብ መተላለፊያ ገባ። ከፊት የነበረው ታንክ ተመትቶ መንገዱን ዘጋው፤ ከኋላው የተከተለው ሁሉ ወደፊትም ወደኋላም የማይል ሆነ። የበላይ አዛዦች በዚህ ጊዜ የወሰኑት የተያዘውን ጦር ማስለቀቅ ሳይሆን፣ ታንኩና መድፉ በተቃራኒው ወገን እጅ እንዳይገባ ማቃጠል ነበር። አይሮፕላኖቹ መጡ። ወታደሩ ድምፃቸውን ሲሰማ «ደረሱልን» ብሎ ይሆናል፤ ቦምቡ ግን የወረደው በእርሱው ሰልፍ ላይ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አፍአበት ወደቀች።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ባዝል ዴቪድሰን ይህን ድል ከዲየን ቢየን ፉ ጋር አመሳስሎታል። ለእኛ ልዩነቱ ይጎላብናል፤ ፈረንሳዮች በ1946 ዓ.ም. በዚያ ሸለቆ ተከበው ሳሉ አይሮፕላኖቻቸው ስንቅና ጥይት በጃንጥላ ይጥሉላቸው ነበርና።

ከዚህ በኋላ ባረንቱ፣ አቆርዳትና ተሰነይ ተለቀቁ፤ ከሶማሊያም ጋር በችኮላ ስምምነት ተፈርሞ የምሥራቁ ጦር ወደ ሰሜን ተዛወረ። አሥራ አራት ወር ቆይቶ፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ጄኔራሎቹ በመንግሥቱ ላይ ተነሡ። ሙከራው ሲከሽፍ ራሳቸውን ካጠፉት አንዱ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ ነበሩ።