የተማሪ ኪስ ከፓስቲ እስከ ፓኬጅ

ከሰበታ ወደ ወሊሶ በሚወስደው የጅማ መንገድ ላይ ያለችው ተፍኪ የጤፍና የሽምብራ አገር ናት። ገበሬው ብር የሚይዘው እህሉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው፤ የልጁም ኪስ ያንኑ ተከትሎ በበጋ ሞላ ይላል፣ በክረምት ይራቆታል።

የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ያገኘውን እዚያው ያጠፋዋል፦ ፓስቲ፣ ሸንኮራ፣ ከረሜላ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የጓደኛ ዓይን ይገባበታል። ፀጉር፣ ጫማ፣ ከትምህርት በኋላ ጆተኒ።

ትልቁ ለውጥ ግን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። እንጀራው፣ ሽሮውና በርበሬው ከቤት ነው፤ ኪራዩ፣ ሳሙናው፣ ፎቶ ኮፒውና ትራንስፖርቱ ግን ብር ይፈልጋል። ሐሙስ ላይ እንጀራው ካለቀ የዳቦው ከየትኛው ወጪ እንደሚቀነስ የሚያሰላው ራሱ ነው። ገና በ15 ዓመቱ ቤት ያስተዳድራል።

ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ 20 አካባቢዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ሲከታተል የቆየው የያንግ ላይቭስ ጥናትም ሠርተው ያገኙትን ለደብተር፣ ለእስክሪብቶና ለልብስ የሚያውሉ ልጆችን አስመዝግቧል። «የዛሬ ልጅ ገንዘብ አያውቅም» የሚለው ወቀሳ እነዚህን አይገልጻቸውም።

አዲሱ ፈተና ስልኩ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኢንተርኔት ፓኬጅ ሱቅ ሳይሄዱ በጥቂት ንክኪ ይገዛል። ከእጅ የሚወጣ የብር ኖት ስለሌለ ትንሽ በትንሽ የሚሄደው ገንዘብ ልብ አይባልም። የስፖርት ውርርድም ለታዳጊ ቢከለከልም ከዚያው ስልክ ሩቅ አይደለም። በዚህ ላይ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባ ጫማና ስልክ ዋጋው አሻቀበ።

አዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎቿ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ታቀርባለች፤ ዕድሉ ግን ከከተማዋ ወሰን አያልፍም። የዙሪያዋ ከተሞች ልጆች የአዲስ አበባን የገበያ ዋጋ በገጠር ገቢ ይጋፈጣሉ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ ይሰጣል። መምህሩ ምሳሌውን ከተማሪው የሳምንት ሒሳብ ይውሰድ። ወላጅም ኪራዩን ለአከራይ በቀጥታ ከሚከፍል ለልጁ ይስጠውና ወር ሲሞላ አብረው ይተሳሰቡ።