የሰፈራችሁ አየር ስንት ነው? በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ የአየር መለኪያ

አርባ ምንጭ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ የሚያስነሳው አቧራ ይታያል። ሳንባን ይበልጥ የሚጎዳው ግን በዓይን አይታይም። ፒኤም 2.5 ይባላል፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው። ከማገዶ፣ ከከሰልና ከመኪና ጭስ ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ታዲያ ማን ይለካልን? አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት ቁጥሩን በኢንተርኔት ያሳይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ግን የኤምባሲዎቹ መረጃ መሰራጨቱ ቆመ። የኡጋንዳው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኤርኮ በተባለው ፕሮጀክቱ ርካሽ መለኪያ ራሱ ሠርቶ ካምፓላ ላይ ተክሏል። እኛስ?

ምን ያስፈልጋል?
1. ፒኤምኤስ5003 ሴንሰር፦ በትንሽ ፋን አየር ስቦ ሌዘር ያበራበታል፤ ብናኙ ከሚበትነው ብርሃን መጠኑን ይገምታል።
2. ኢኤስፒ32፦ ዋይፋይ ያለው ቦርድ። ቁጥሩን ወደ ስልካችሁ ይልካል።
3. ቢኤምኢ280፦ ሙቀትና እርጥበት ይለካል።
4. የስልክ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ።

ስትገጥሙ
- ሴንሰሩ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ የዳታ መስመሩ ግን 3.3 ቮልት ስለሆነ ከቦርዱ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ፍጥነቱን 9600 አድርጉት።
- ከበራ በኋላ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር አትመኑት።
- የተለመደው ኢኤስፒ32 የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ሆትስፖታችሁ 5 ላይ ከሆነ አያገኘውም።
- ኔትወርክ ሲጠፋ ቁጥሩ አብሮ እንዳይጠፋ ሚሞሪ ካርድ ጨምሩበት።

ጉም ያሳስተዋል
ሴንሰሩ የውሃ ጠብታን ከጭስ አይለይም። እንደ ጨንቻ ጉም በሚበዛበት ቦታ ንጹሕ አየር እንኳ "መጥፎ" ሊባል ይችላል። እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን ቁጥሩን ተጠራጠሩት። ቢኤምኢ280 ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

የት እናስቀምጠው?
መንገድ ዳር ብቻ ሳይሆን ማድቤትም አስቀምጡት። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 የ3.2 ሚሊዮን ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ምድጃው ቤት ውስጥ በሆነበት፣ ለምሳሌ በዶርዜ የቀርከሃ ቤት፣ ጭሱን ውላ የምትስበው እናት ናት፤ ከጀርባዋ ያለው ሕፃንም አብሮ ይስባል።

እሳቱ ሳይነድ፣ ሲነድ፣ ከዚያም በርና መስኮት ተከፍቶ ለኩ። ርካሽ ሴንሰር ትክክለኛውን ቁጥር ሊስት ይችላል፤ በአንድ መሣሪያ የተለካ ልዩነት ግን ብዙ ይናገራል። የሳምንቱን ቁጥር ከነሰዓቱ መዝግባችሁ ለቤተሰብና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሳዩ። ጭሱ የቱ ላይ እንደሚብስ ከታወቀ፣ ምድጃውን ማዛወር ወይም ጭስ መውጫ መክፈት ቀላል ነው።