ድንጋይ ይቁም ወይስ ቤት ይሠራ?

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ለጀመራችሁ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን።

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ዓይነት ቤት ነው። ቤቱ የገጠር አዳራሽ ነው። ስብሰባ ይደረግበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፣ ይጨፈርበታል። ግን የተሠራው በጦርነት ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ለሙታን ተሠርቶ እንዴት ይጨፈርበታል? ነገሩ እንዲህ ነው።

ከአውስትራሊያ በስተ ምሥራቅ፣ በውቅያኖስ መካከል፣ ኒውዚላንድ የምትባል አገር አለች። በጎችና የወተት ላሞች በማርባት የታወቀች ናት። ከእኛ ብትርቅም በታሪክ ተገናኝተናል። በ1938 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ስብሰባ፣ ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዝዋ ይታወቅላት የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ የኒውዚላንዱ መልእክተኛ ዊልያም ጆርዳን ተቃውሞታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ያን ጊዜ የኒውዚላንድ ሕዝብ 1 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 100 ሺህ ያህል ሰው ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። 18 ሺህ ያህሉ ሞተ። በቱርክ፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጅግ አፈር ቀረ። አስከሬን ወደ አገር አይመለስም ተብሎ ተወስኖ ነበር። ወደ መቃብሩ ለመሄድ ደግሞ ጉዞው በመርከብ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። የብዙዎቹም መቃብር አልታወቀም። እናት ልጅዋን የምታለቅስበት ቦታ አጣች።

ስለዚህ በየከተማውና በየገጠሩ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። ቁጥሩ 500 ያህል ደረሰ። የሟቾቹ ስም ተቀረጸበት። ድንጋዩ የመቃብር ምትክ ሆነ። እናቶች አበባ ያኖሩበት ጀመር።

አንዳንዱ ሰው ግን፣ ድንጋይ ምን ይጠቅማል፣ አዳራሽ እንሥራ አለ። ሌላው ተቆጣ። አዳራሽ ከሆነ ሰው ይጨፍርበታል፣ ሙታኑንም ይረሳል አለ። ያን ጊዜ በአብዛኛው ቦታ ድንጋይ ባዮቹ አሸነፉ።

ከ1939 እስከ 1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆነ። አሁንም 12 ሺህ ያህል የኒውዚላንድ ሰው ሞተ። ክርክሩም እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። የሞቱት ለሕያዋን ብለው ነውና መታሰቢያቸውም ሕያዋንን ይጥቀም ተባለ። በ1946 መንግሥት አንድ ውሳኔ አስታወቀ። ሕዝቡ ለመታሰቢያ አዳራሽ 1 ፓውንድ ሲያዋጣ፣ መንግሥት በላዩ 1 ፓውንድ ይጨምራል። ለድንጋይ ሐውልት ግን ይህ እርዳታ አይሰጥም።

የገጠሩ ሰው ተነሣ። ሴቶች ኬክ ጋግረው ሸጡ። ገበሬው በግ ሰጠ፤ በጉም በጨረታ ተሸጠ። የጭፈራ ምሽት እየተዘጋጀ መግቢያ ተከፈለ። እጅ ያለው በጉልበቱ ረዳ፤ እንደ እኛ ደቦ ማለት ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው ሆነ። በመቶ የሚቆጠር አዳራሽ ተሠራ።

ቤቱ ትልቅ ጌጥ የለውም። ሰፊ የእንጨት ወለል፣ መድረክ፣ ወጥ ቤትና የእራት ክፍል አለው። በመግቢያው በኩል የስም ሰሌዳ ይታያል። በብዙ ቦታ ስሞቹ በፊደል ተራ የተጻፉ ናቸው። አለቃው ከጭፍራው አይቀድምም። አንዳንዴ አንድ የቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይገኛል። አንባቢ ሲያየው ወንድማማቾች እንዳይሆኑ ብሎ ይደነግጣል። ሙሽራይቱም፣ ተማሪውም፣ ጨፋሪውም በዚያ ሰሌዳ አጠገብ ያልፋል። በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በኤፕሪል 25ኛው ቀን ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ሙታኑን ያስባል።

ዘመን ሲለወጥ ግን አዳራሾቹ ችግር ገጠማቸው። መኪና በዛ፤ ሰው ለመዝናናት ወደ ከተማ ሄደ። ከ1984 ጀምሮ መንግሥት ለገበሬው የሚሰጠውን ድጎማ አነሣ፤ ብዙ ቤተሰብ ተቸገረ። በ1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የልጅ ቁጥር የቀነሰበት መንደር ብዙ ነው። በ2011 በክራይስትቸርች ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ 185 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ በ2017 የሕንፃ ሕግ ጠበቀ። ደካማ የሆነ አሮጌ ሕንፃ ይጠናከር፣ አለዚያ ይፍረስ የሚል ነበር። ጥቂት ቤተሰብ የቀረበት መንደር ይህን ገንዘብ ከየት ያመጣል? አዳራሹ ቢፈርስስ የስም ሰሌዳው የት ይሰቀላል?

እንግዲህ ድንጋይ ባዮቹም ጥቂት እውነት ነበራቸው። ድንጋይ ጣራው አያፈስም። ነገር ግን ድንጋይ ሰው አይሰበስብም። ቤት ሰው ሲገባበት ይኖራል፤ ሰው ሲተወው ይሞታል። ስምም እንዲሁ ነው። የሚያነበው ካለ ይኖራል።

እናንተም ዛሬ አንባቢዎች ናችሁ። ስም የተጻፈበት መታሰቢያ ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ቆም በሉና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

ለመወያያ፦
1. ለሙታን መታሰቢያ ድንጋይ ይሻላል ወይስ ቤት? ለምን?
2. በአካባቢያችሁ ስማቸው ያልተጻፈላቸው ሟቾች አሉ? ማን ይጻፈው?