ጨው የበላው ፍሬን

ከባቲ ገበያ ወደ ሚሌ የወረደ ነጋዴ ያንን ቁልቁለት ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰኞ፣ እኛ ሦስት ሴቶች በሽርክና የገዛናት አሮጌ ሂሉክስ ሽንኩርትና በርበሬ ጭና ስትወርድ ግመሎች መንገድ ገቡባት። ሹፌራችን ፍሬኑን አጥብቆ ረገጠ። ፔዳሉ አንዴ ጠንከር አለና ወዲያው እስከ ወለሉ ወረደ። ልጁ ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ የመኪናዋን ጎን ከተራራው ጋር አፋትጎ አቆማት። እጁ ተሰበረ። ሽንኩርቱ ገደል ገባ፤ እሱስ ይቅር።

ጋራዥ ስትገባ አዛውንቱ መካኒክ ከኋላው ዲፈረንሻል በላይ የሚያልፈውን የፍሬን ቱቦ በጣታቸው ሲነኩት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ከላዩ ግን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አዲስ መስሏል። ስናጣራ መኪናዋ ከእኛ በፊት ለዓመታት የአፍዴራ ጨው ስታመላልስ ኖራለች። ቦሎ ነበራት። እኛም ስንገዛት ያየነው ሞተሯን፣ ጎማዋንና ወንበሯን ነው። ከዚያ ወዲህ ነው የዚህን ቀጭን ቱቦ ታሪክ መጠየቅ የጀመርነው።

የድሮ መኪኖች ፍሬን በብረት ዘንግና በገመድ ይሳብ ነበር። ሰዉ ዛሬም «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለናል፤ ቃሉ ራሱ «ፍሬን» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ እንደ ማርሽና ጎማ። ግፊቱን በፈሳሽ የማስተላለፉን ዘዴ አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ እ.ኤ.አ. በ1917 የባለቤትነት መብት አወጣበት። በ1921 ዱሰንበርግ የተባለ ውድ መኪና በአራቱም ጎማ ላይ ይዞት ወጣ። ፎርድ ግን እስከ 1939 ሞዴሎቹ ድረስ በአሮጌው ዘዴ ጸና።

ፈሳሹ ኃይለኛ ነው፣ ድካሙ ግን ቱቦው ነው። አንድ ቱቦ ከተቀደደ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ፍሬኑ ለሁለት እንዲከፈል ያስገደደችው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው እንዲይዝ። የመጀመሪያው ሂሉክስም ገበያ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። «ታዲያ የእኛ የፊተኛው ፍሬን የት ሄደ?» ብለን መካኒኩን ጠየቅናቸው። «ነበረ፤ ግን ሸራው አልቋል፣ ጭነቱም ከልክ በላይ ነው» አሉን። ጭነቱን የጫንነው እኛ ነን።

ቱቦው ከስስ ብረት ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጭቃና ጨው ቱቦውን ከሻንሲው ጋር በሚይዙት ማቀፊያዎች ሥር ይከማቻል፣ እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ብረቱንም ነጥብ በነጥብ ይቆፍረዋል። ክፋቱ ደግሞ ይህ ነው፦ የተበላ ቱቦ ቀስ ብሎ ለሚረገጥ ፍሬን ለወራት ሊታገሥ ይችላል። የሚፈነዳው ግፊቱ በጣም ሲበዛ ነው፤ ያም አጥብቀን የምንረግጥበት፣ ግመል ወይም ሕፃን ፊታችን የቆመበት ሰዓት ነው።

ጨው ደግሞ የእኛ የጥንት ዕቃ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በአገራችን ሲዘዋወር ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ በግመል እየወጣ እስከ ባቲ ገበያ ይደርስ ነበር። ግመል አይዝግም! ነገሩ የተለወጠው ጨው በመኪና ሲጫን ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ ጨው ቀረና የአፍዴራ ምርት ተስፋፋ። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የሚነሳ ሁሉ ዳገት ይወጣል፣ ከጆንያው የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውኃም ሻንሲው ላይ ይቀራል።

ሚኒሶታ ያለች የአክስታችን ልጅ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ራሱ ጨው ይበተናል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1999 እስከ 2003 ሞዴል ያሉ የጀነራል ሞተርስ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች የፍሬን ቱቦ እየዛገ መፈንዳቱን ለዓመታት መርምሯል። ጉዳዩ 5 ሚሊዮን ያህል መኪና የሚነካ ነበር። በ2015 ግን አምራቹን መኪኖቹን ጥራ ሳይለው ምርመራውን ዘጋ፤ ባለንብረቶችን ከሥር እጠቡ፣ አስመርምሩ፣ የዛገውን ሙሉውን ቀይሩ ብሎ መከረ። እዚያም ቢሆን ኃላፊነቱ ባለመኪናው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

እኛ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ በመዳብና ኒኬል ቅልቅል አስቀየርነው። ቮልቮ ከ1976 ጀምሮ የተጠቀመበት ዓይነት ነው፤ ጨው በቀላሉ አይበላውም። ዋጋው ከአንድ ኩንታል በርበሬ በታች ነበር። የተበጠሰውን ብቻ ቆርጦ በጎማ ቱቦና በማጥበቂያ መቀጠል የሚሉ አሉ፤ እሺ አትበሏቸው፣ ያን ግፊት አይችልም። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ እናስቀይራለን፤ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ቱቦውን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ቶሎ ይፈላል። ጨው ወይም የጅቡቲ ወደብ ዕቃ የጫነች መኪና ስትመለስ መጀመሪያ የምትታጠበው ከሥር ነው።

ሹፌራችን እጁ ድኖ ተመልሷል። ባለፈው ወር ሌላ ፒክአፕ ልንገዛ አንድ ደላላ ዘንድ አብሮን ሄደ። መኪናዋ ከሥር ጥቁር ቀለም ተቀብታ ታበራለች። ልጁ ካቻቢቴ ይዞ ገባና ቱቦውን ሊፍቅ ሲል ደላላው «ተው፣ ቀለሙን ታበላሸዋለህ!» ብሎ ጮኸ። ብራችንን ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን።